በጆንያ የሰነበተ ዓሣ

ከምባታ ውስጥ ባለችው አዲሎ ዓሣ የምትሸጥ ሰው ሰዓዳ ብቻ ነበረች። ዓሣ እንደ ሰዓዳ የሚቀፈው ሰውም በሕይወቴ አላየሁም።

እኔ በ1973 ዓ.ም. አዲሎ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ሰዓዳ ዓሣ መሸጥ ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ሐዋሳ ስላደግሁ ዓሣ ለምጃለሁ፤ ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ደንበኛዋ ሆንኩ። የሆነውን ሁሉ ግማሹን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ፣ ግማሹን ደግሞ ባላየሁት እያልኩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባሏ ረሻድ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መኪናዋ ዝዋይ ስትመላለስ እሱም ሐይቁ ዳር ከሚያጠምዱት ሰዎች ጋር እየዋለ ሙያውን ለመደ። በ1969 መኪናዋ ገደል ገብታ ባለቤቱ ከሥራ ሲወጣ፣ ረሻድ አንድ ጣሳ መንጠቆና አንድ ጥቅል የናይለን ገመድ ይዞ ወደ ሚስቱ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ብላቴ ወንዝ ወርዶ አምባዛ የሚባሉ ሁለት ዓሣዎች በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ አመጣ።

«ቅጠሉን ስገልጠው ጢም አለው፤» አለችኝ ሰዓዳ ስታወራልኝ። «ጢም ያለው ነገር እንዴት ይበላል? ደግሞ አልሞተም። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሆነ ነገር ሊነግረኝ የፈለገ ሰው መሰለኝ።»

ከቤት ሮጣ ወጥታ እንሰቱ ሥር አስመለሳት። እናቷ አሚና ደግሞ ነገሩን በሰማች ቀን መጥታ ከደጅ ቆመች፤ ወደ ቤት አልገባችም። ለከምባታ ሽማግሌዎች ያን ጊዜ ዓሣ ማለት ከእባብ ብዙ የማይሻል ነገር ነው።

«ሼኹን ጠይቄያለሁ፣ ሐላል ነው ብለውኛል፤» አላት ረሻድ።

«ሐላል ይሁን፤» አለች አሚና። «እኔ ቤት ግን ያ ዕቃ የገባበት ድስት አይገባም። ልጄም እጇን ሳትታጠብ አትገባም።»

ሌላ ሥራ አልነበረምና ሰዓዳ ለመደችው ማለት ይቻላል፤ መሥራቱን እንጂ ዓሣውን ግን አልለመደችውም። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ሰውነቱን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር በእጅ አያስይዝም፣ ስለዚህ መጀመሪያ በአመድ ታሸዋለች። ከዚያ ሆዱን ከታች ወደ ላይ ትቀደዋለች። አንጀቱ፣ ሐሞቱ፣ አንዳንዴም ውስጡ ገና ያልተፈጨ ትንሽ ዓሣ በእጇ ላይ ይፈሳል። አፍንጫዋ ውስጥ ጤና አዳም ወትፋ፣ በነጠላዋ አስራው፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ነበር የምትሠራው። እኔ እንደማውቀው አንድም ቀን አልቀመሰችም። ሁለቱ ሴት ልጆቿ ሲበሉ እንኳ ውጭ ወጥታ ትቀመጥ ነበር።

የጎረቤት ነገርማ አይነሳ። ግድግዳ የምትጋራት እታለም የምትባል የጴንጤ ሴት ነበረች፤ ጥሩ ድምፅ ያላት፣ ጸሎት ቤታቸው እስኪዘጋ ድረስ መዘምራን ውስጥ የነበረች። እታለም ሰዓዳ ውሃ የጠጣችበትን ጣሳ በአመድ ሦስት ጊዜ ታጥባለች፤ ያውም ሰዓዳ ሳትሄድ፣ ፊት ለፊቷ። ለቅሶ ቤት ሰዓዳ ስትቀመጥ ከግራና ከቀኝ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ይስባሉ። ዓሣውን የምንገዛት እኛ መጤዎች ነበርን፤ አስተማሪዎች፣ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ምሳ ለመብላት የሚቆሙ ሾፌሮች። በሁዳዴ ቅርፊት ያለውን ቀረሶ እናስመጣታለን፤ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ ግን በጾም እኛም አንነካም። እኔ ራሴ ምን አደርግ እንደነበር ልናገር፤ ዓሣውን ከእጇ ተቀብዬ በሩን ቶሎ እዘጋ ነበር። አንድ ጊዜ ዝናብ ይዟት «መምህር፣ እስኪያባራ ልጠለል?» ስትለኝ እንግዳ አለብኝ አልኳት። እንግዳ አልነበረብኝም። ጠረኗ ነው።

በ1976 ጥቅምት ላይ ረሻድን ከገበያ ያዙት። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የተጣለበት ኮታ ጎድሎበት ነበርና ገበያ መሐል ያገኟቸውን ወንዶች ዙሪያውን ከበው መኪና ላይ ጫኗቸው። ሰዓዳ ሸሚዙን ይዛ ስትደርስ መኪናው የአላባን መንገድ ይዞ አቧራው ብቻ ቀርቷል። ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ አንብቤላታለሁ። ደህና ነኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ መንጠቆዎቹን ከዝገት ጠብቂልኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም።

ረሻድ በተያዘ በሦስተኛው ሳምንት ልጆቿን እናቷ ዘንድ አስቀምጣ መንጠቆዎቹን ይዛ ብላቴ ወረደች። ሴት ዓሣ ስታጠምድ በዚያ አገር ያየ ሰው የለም። ከአዲሎ ወንዙ ድረስ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ እዚያ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፣ ከሥሩ ወንዙ ጥልቅ ሆኖ ይተኛል። ረሻድ ያጠምድ የነበረው እዚያ ነው። ከበሰበሰ የእንሰት ግንድ ሥር ትል ትለቅማለች፤ ትሉም ይቀፋታል፣ በቅጠል ነው የምትይዘው። በመጀመሪያው ወር የአምባዛ ክንፍ እሾህ መዳፏን ወግቷት እጇ አመርቅዞ እስከ ክርኗ አበጠ። ድሬሰሩ ሲያፈርጠው የወጣውን አይቼ ምሳዬን አልበላሁም። እሷ ግን እጇን በጨርቅ ጠቅልላ በሳምንቱ ተመለሰች።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። በ1976 በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ሳይጠና አለፈ። ስኳር ድንቹ መሬት ውስጥ ደረቀ። እንሰት ያለው እንሰቱን ሳይደርስ እየነቀለ በላ፤ የሌለው ደግሞ መንገድ ዳር መጥቶ መቀመጥ ጀመረ። ጥቅምት 1977 ላይ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እታለም በጓሮ በኩል መጥታ ሰዓዳ ዘንድ ቆመች።

«ለልጅቷ ነው፤» አለች። «ሾርባ ቢሆንላት ብዬ። ሽታውን የሚያጠፋው ምንድነው?»

ሰዓዳ አንድ ዓሣ አንሥታ በአመድ አሸችላት፣ ቀደደችላት፣ በምን እንደሚቀቀል ነገረቻት። እታለም ሁሉንም ስታይ በአፏ ትተነፍስ ነበር። «ጌታ ይባርክሽ» ብላ ዓሣውን ነጠላዋ ሥር ደብቃ፣ ማንም እንዳያያት በመጣችበት በጓሮ ወጣች። በሁለተኛው ሳምንት በጓሮ የሚመጡት ሰባት ቤት ሆኑ፤ ኋላም አሥራ ሁለት። ሰዓዳ ደህና ደህናውን ለኛ ትሸጥና ጭንቅላቱንና ትንንሹን ለነሱ ትሰጣለች። ለቅሶ ቤት ሲገናኙ ግን ነጠላው አሁንም ወደ አፍንጫ ይሳባል። ይህን ስትነግረኝ አልተቆጣችም፤ ብቻ ምራቋን ጢቅ አደረገች።

አሳምነው የመጣው በጥር ነው። ከላይ የተላከ ወጣት ካድሬ ነበር፤ ካኪ ልብሱ ተተኩሶ ስለት የወጣለት፣ ጫማው አቧራ የማይነካው። አዲሎ ውስጥ ዓሣ የምታጠምድ ሴት እንዳለች፣ ሕዝቡም በጓሮ እየሄደ እንደሚበላ ሰማ። በሳምንት ውስጥ ወደ ላይ ሪፖርት ጻፈ፤ የአዲሎ ሕዝብ ኋላ ቀር ልማዱን አስወግዶ ረሃብን በዓሣ ልማት እየመከተ ነው ብሎ። ሪፖርቱን የወደዱ አለቆች መጥተን እንይ አሉ። አሳምነው መሀረብ አፍንጫው ላይ ይዞ ሰዓዳ ደጅ መጣ።

«ዓሣ አጥማጇ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«እንግዶች ይመጣሉ። እስከ ሐሙስ አራት መቶ ዓሣ ታቀርቢያለሽ።»

«አራት መቶ?» አለች ሰዓዳ። «እኔ በሳምንት ሃያ ካገኘሁ እሰየው ነው። ወንዙ ደርቋል፣ ጓድ። ያለው ሾላው ሥር የቀረው ብቻ ነው። እሱንም ቀስ እያልን ካልበላነው እስከ ክረምት አያደርሰንም።»

«ጥሩ፤ ሾላው ሥር ካለ ከሾላው ሥር እናወጣዋለን።»

ማክሰኞ ሁለት ሚሊሻዎች የእጅ ቦምብ ይዘው ሰዓዳን መንገድ ምሪ ብለው ይዘዋት ወረዱ። ሦስት ቦምብ ወረወሩ። ውሃው ጭቃ ይዞ ወደ ላይ ተነሣ፣ ሾላው ላይ የነበረው ወፍ ሁሉ ሄደ፤ ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ምንም የለም። ቀጥሎ ነጭ ሆድ ነጭ ሆዱ መንሳፈፍ ጀመረ። ትልልቆቹ ዓይናቸው ወጥቷል። ሆዳቸው የፈረጠባቸው ዓሣዎች እንቁላል እንደ ተደፋ ገንፎ ውሃው ላይ ተዘርግቷል። ከጣት የማይበልጡት ደግሞ ቁጥር የላቸውም፤ ከዳር እስከ ዳር ውሃው አልታይ ብሎ ነበር። አንደኛው ሚሊሻ ይስቃል። ትልልቁን ለቅመው አራት ጆንያ ሞሉ፤ ሌላውን እዚያው ተዉት።

«አንድ ዓመት የምንበላውን ነው በአንድ ጊዜ የገደሉት፤» አለችኝ ሰዓዳ። «እኔ ዓሣ አልወድም። ያን ቀን ግን ለዓሣው አለቀስኩ።»

ታች ያሉት ሰዎች ለአምስት ቀን ከወንዙ መቅዳት አልቻሉም። ከብቶቹ አሽትተው ይመለሳሉ አሉ።

እንግዶቹ ሐሙስ አልመጡም፤ መንገድ ላይ ሌላ ስብሰባ ይዟቸው ለቅዳሜ ተላለፈ። አራቱ ጆንያ በቀበሌው አዳራሽ ተቆልፎበት ነበር። ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ጊዜው በጋ። ሐሙስ ከሰዓት በበሩ ሥር የሆነ ቡናማ ውሃ መፍሰስ ጀመረ። ዓርብ የመንደሩ ውሻ ሁሉ እዚያ ተኝቶ ዋለ፤ ዝንቡ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ድረስ ደረሰ። ልጆቹ መስኮት ዝጉልን እያሉኝ በዚያ ሙቀት ዘግቼ አስተማርኩ። ለአሳምነው የነገረው ሰው መኖሩን አላውቅም። እኔ አልነገርኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት አራተኛ ክፍሎችን አሰልፌ ለእንግዶቹ መዝሙር ላዘምር አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ። ከእኛ ፊት ለፊት ደግሞ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል፤ የእርዳታ ስንዴ መጥቶ መጋዘን ገብቶ ስለነበር፣ ዓሣው በእንግዶቹ ፊት ከተበላ በኋላ ስንዴው ይታደላል ተብለዋል። ሰዓዳን ለጠበሳው ጠርተዋት መጣች። የመጀመሪያውን ጆንያ ሲፈቱት ከፊት የነበሩት ልጆች ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ዓሣው አንዱ ከአንዱ ተጣብቋል። ሰዓዳ አንዱን በጅራቱ ስታነሣ ጅራቱ እጇ ላይ ቀረ፤ ከውስጡ ነጫጭ ትል ወደ መሬት ይረግፋል።

«ጓድ፣ ይሄ ተበላሽቷል፤» አለች። «ለውሻም አይሆንም።»

«በርበሬ አብዢበት፤ ሎሚም ጭመቂበት፤» አላት አሳምነው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬ ብቻ ነው።»

«በርበሬ ምን ያደርገዋል? ሆዱ ውስጥ ነው የበሰበሰው።»

«ጥበሺ ተብለሻል!»

ሚሊሻው አጠገቧ ቆመ። ጠበሰችው። ዘይቱ ሲፈላ የወጣው ሽታ ዛሬም አልጠፋኝም። የሞተ አይጥና የተቃጠለ ፀጉር አንድ ላይ ሆኖ፣ በላዩ ደግሞ የበርበሬው ማስነጠሻ። ሰልፈኞቹ ግን አልተነቃነቁም። ስንዴው ነበር የያዛቸው።

እንግዶቹ በአራት ሰዓት በሁለት ላንድሮቨር መጡ። ዋናው ባርኔጣ ያደረጉ ወፍራም ሰውዬ ነበሩ፤ ፎቶ አንሺም ነበራቸው። መዝሙራችንን ዘመርን። አሳምነው ንግግር አደረገ፤ የአዲሎ ሰፊ ሕዝብ፣ የወንዝ ሀብት፣ ኋላ ቀርነት፣ ድል። ከዚያ ለሰዓዳ ምልክት ሰጣት። ከሰልፉ ፊት ጠና የሚባሉ ሽማግሌ ቆመው ነበር፤ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ሰዓዳ ሳህኑን ይዛ ወደ እሳቸው ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ፊታቸውን አየች። ከዚያ ዞረች። ቀጥ ብላ ሄዳ በአሳምነው ፊት ቆመችና በሁለት እጇ፣ ለክቡር እንግዳ እንደሚቀርበው ጎንበስ ብላ ሳህኑን ዘረጋችለት።

«ጓድ፣ ይቅመሱልን፤» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በዚያ ከከምባትኛ ጋር በተቀላቀለ አማርኛዋ። «የኛ ሰው ዓሣ ይፈራል። እርስዎ ሲበሉ ካየ ይበላል።»

አሳምነው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሕዝቡ ይቅደም፤» አለ።

ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ሳቁ። «እውነቷን ነው እኮ! አርአያ ሁን እንጂ። ቅመስ።» ፎቶ አንሺው ካሜራውን አዘጋጀ።

አሳምነው አንዱን ቁራሽ አነሣ። ሁላችንም እያየነው አፉ ውስጥ ከተተው። አንድ ጊዜ አኘከ። ሁለተኛውን ሲያኝክ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ፤ ወዲያው እዚያው ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ጫማ ላይ አስመለሰው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ዝም በሉ ብዬ ጮኽኩባቸው፤ እኔም ግን መሳቅ አምሮኝ ነበር።

ላንድሮቨሮቹ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሄዱ። አሳምነው አፉን እየጠረገ መጋዘኑን አስቆለፈ። «ሰኞ ተመለሱ!» አላቸው ሰልፈኞቹን። ሰዓዳን እዚያው ያዟት።

ዓሣውን የመቅበሩ ሥራ ለእኔና ለልጆቼ ተሰጠን። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረን አራቱንም ጆንያ ደፍተን አፈር መለስንበት። ከሰዓት በኋላ በመስኮቴ ስመለከት ሰዎች በእጃቸው አፈሩን እየቆፈሩ ነበር። ሽማግሌው ጠናም ነበሩ። እታለምም ነበረች። ወጥቼ «ተዉ፣ ይገድላችኋል» ማለት እችል ነበር። ምን ልሰጣቸው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወይም ያንን ያሰብኩት በኋላ ይሆናል። መጋረጃውን ጋረድኩት። ጠና ማክሰኞ ሞቱ። ስንዴው የታደለው ረቡዕ ነው።

ሰዓዳ የታሰረችው አንድ ትንሽ መስኮት ባላት በቀድሞው የእህል ማከማቻ ነበር። እናቷ አሚና ልጆቹን እያስከተለች ስንቅ ታመጣለች። በሁለተኛው ሳምንት እታለም በመስኮቷ በኩል መጣች።

«አንቺ ዝም ብትዪ ኖሮ ቅዳሜ ስንዴ እናገኝ ነበር፤» አለቻት። «ያንን ከጉድጓድ ያወጣሁትን ነው ልጄን ያበላኋት። ሦስት ቀን አስቀመጣት፣ አስመለሳት።»

ሰዓዳ ወደ መስኮቷ ቀረበች። «አሁን ተሻላት?» አለች።

«ተሻላት።»

እታለም በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በመስኮቱ አስገብታ፣ ደህና ዋዪ ሳትል ሄደች።

ሰዓዳ በታሰረች በሃያ ስድስተኛው ቀን አሳምነው እኔን አስጠራኝ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብሎ ነው። እሱ እየነገረኝ ጻፍኩ፤ እኔ ሰዓዳ የተባልኩ ግለሰብ እንዳቀርብ በአደራ የተሰጠኝን የሕዝብ ዓሣ በቸልተኝነት አበላሽቼ፣ በእንግዶች ፊትም ሕዝቡን አሳስቼ ስለ ተገኘሁ ጥፋቴን አምናለሁ የሚል ነበር። አንዲት ቃል አልቀየርኩም፤ እንዲያውም «በአደራ» የሚለውን ፊደል አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ሰዓዳን አመጧት። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው።

«መምህር፣ ምን ይላል?»

አነበብኩላት።

«ዓሣውን እኔ አበላሸሁት ነው የሚለው?»

«እሱን ነው የሚለው።»

«የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አላየችም፤ የምታየው እኔን ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። እጁን መንካት የማትፈልገው ሰው ፊቷ እንደ ቆመ ዓይነት፣ ሰውነቷን ትንሽ ወደ ኋላ ሰበሰበች። ከፈረመች ትፈታለች ተብሎ ሁለቱ ልጆቿ ውጭ ይጠብቋታል። አውራ ጣቷን ሐምራዊው ቀለም ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ስትወጣ በመንገዷ ያለውን ግድግዳ ሁሉ እየነካች ጣቷን ትፈትግ ነበር።

አሳምነው በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ቦታ በዕድገት ተዛወረ። የሾላው ሥር ሁለት ክረምት አልፎበትም ዓሣ አልተመለሰበትም ነበር። ሰዓዳ ወንዙን ተከትላ ወደ ታች ግማሽ ቀን የምትሄድበት ሌላ ቦታ አገኘች፤ ልጆቿን አሳደገች፣ አንዷን ሺንሺቾ ዳረች። እጁን ጦር ሜዳ ጥሎ የተመለሰ አንድ የአዲሎ ሰው ረሻድን አየሁት አላት፤ የት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ግን እያምታታ ሲነግራት ተወችው።

እኔ በ1980 ወደ ሆሳዕና ስዛወር ሻንጣዬን አውቶቡሱ ላይ አስጭኜ መንገድ ዳር አገኘኋት። ፊቷ ያለው ቅርጫት እስከ አፉ ሞልቷል፤ አንድ ሾፌር ሦስት ቀረሶ መርጦ እያስጠቀለለ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና ለመንገድ አንድ ዓሣ እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት።

«ዓሣ የለም፣ መምህር፤» አለችኝ። የሾፌሩን ጠቅልላ ጨርሳ ቅርጫቱን በቅጠል ሸፈነችው።